ጭራቅና አውሬ በሰውነት መጫወት፦ ከትንፋሽ ልምምድ እስከ ማስክ ማጽዳት

አሁን አሁን በስልክ አጭር ሆረር የሚሠራ ልጅ በዝቷል፣ አሪፍ ነገር ነው፣ ግን አብዛኛው ላይ ጭራቁ አንድ ዓይነት ነው፦ ፊቱን ዱቄት ይቀባል፣ አፉ ዙሪያ ቀይ ቀለም፣ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ እየጮኸ ይመጣል፣ በቃ። ከዛ ኮመንት ላይ ሰው ሁሉ ይስቃል። የሚሳቀው ሜካፑ ርካሽ ስለሆነ አይደለም፣ ከዱቄቱ ሥር ያለው አሁን ከታክሲ የወረደ፣ እንደ ማናችንም ተረከዙን አስቀድሞ የሚረግጥ ልጅ መሆኑ ስለሚታወቅበት ነው። ጭራቅ የሚያስፈራው ሰውነቱ ከኛ የተለየ ሕግ ሲኖረውና ያንን ሕግ ከመጀመሪያው ሲን እስከ መጨረሻው ሳያፈርስ ሲጠብቅ ነው። ስለዚህ ሕጉን እንዴት እንደምትመርጡ፣ ሰውነታችሁ ላይ እንዴት እንደምታስገቡት፣ ከዛ ደሞ ሳትጎዱ እንዴት እንደምትወጡ ደረጃ በደረጃ እናየዋለን።

የማወራው መሃል አዲስ አበባ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ነው። ማለትም የተዋናይን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር የሚቀዳ ሞሽን ካፕቸር ስቱዲዮ የለም፣ ማስክ የሚሠራበት ላስቲክ፣ ላቴክስ፣ እንደልብ አይገኝም፣ ሪሃርሳል ቦታው ወይ ወጣት ማዕከል ወይ የጓደኛ ሳሎን ነው። ችግር የለውም። ደሞ ነገሩ ለኛ ባዕድ እንዳይመስላችሁ፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ቲያትር ተብሎ የሚቆጠረው የፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመዲያ» ባለታሪኮቹ እንስሳት ነበሩ፣ በአውሬ እያሳበበ ሹማምንቱን ስለሸነቆጠም ታግዷል። ቲያትራችን ሀ ብሎ የጀመረው አውሬ በመጫወት ነው እኮ።

አንደኛ፦ የሰውነቱን ሕግ ወረቀት ላይ ጻፉ

ስክሪፕቱ ብዙ ጊዜ «ጭራቁ ይገባል» ብሎ ዝም ይላል። ተረታችንም ቢሆን ጭራቅ ሰው እንደሚበላ እንጂ እንዴት እንደሚራመድ አይነግረንም፣ ስለዚህ ቀሪውን የሚሞላው ተዋናዩ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት አምስት ነገር መልሱ፦ በምኑ ነው የሚተነፍሰው? ክብደቱ የት ላይ ነው? ሲሄድ ከሰውነቱ ምኑ ይቀድማል? ምኑን ያመዋል? ምን ይፈልጋል?

የመጨረሻው ላይ «ማስፈራራት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰርዙት። ጅብ ማንንም ማስፈራራት አይፈልግም፣ ርቦታል። የሚያስፈራው የኛ ጉዳይ ነው።

በምሳሌ እንሂድ፣ እስከ መጨረሻው በዚሁ ነው የማስረዳው። ገጸ ባሕሪያችን ከቀበና ወንዝ ሌሊት ሌሊት እየወጣ የቆሻሻ ገንዳ የሚፈትሽ ግማሽ ሰው ግማሽ ጅብ ነው እንበል። ሕጉ፦ እያሸተተ አጭር አጭር በአፍንጫው ይስባል፣ ረጅም አድርጎ በአፉ ያወጣል። ክብደቱ አንገቱና ትከሻው ላይ ነው። አፍንጫው ይቀድማል። ግራ ዳሌውን መኪና ገጭቶት ያመዋል። የሚፈልገው ገንዳው ውስጥ ያለውን አጥንት ነው፣ ሰው ሳያየው። አለቀ፣ አምስት መስመር። ከዚህ በኋላ «እዚህ ጋ ምን ላድርግ?» ብላችሁ ዳይሬክተሩን የምትጠይቁት ነገር በግማሽ ይቀንሳል፣ መልሱ ወረቀቱ ላይ አለና።

ሕመሙን ለምን አስገባሁ? ሁለቱም ጎኑ እኩል የሚንቀሳቀስ ጭራቅ ጂም የሚሠራ ሰው ስለሚመስል ነው። አንድ ቦታ የሚያመው ፍጥረት ግን እያንዳንዱን እርምጃ ያስብበታል፣ ያ ማሰቡ ነው ሕይወት የሚሰጠው። እዚህ ጋ ግን ጠንቀቅ በሉ፣ መንገድ ላይ የምታዩትን አካል ጉዳተኛ ቀድታችሁ ጭራቅ አታድርጉት፣ ሕመሙ ከገጸ ባሕሪው ታሪክ ይምጣ። ሌላም አለ፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው ሲባል ወዲያው ቀጥቃጭ ወይ ሸክላ ሠሪ የሚያደርግ ስክሪፕት ከመጣላችሁ ይቀየር በሉ። ቡዳ እየተባለ በባለ እጆች ላይ የደረሰው በደል እውነተኛ በደል ነው፣ ለአንድ ሲን ብሎ እሱን ማደስ አያስፈልግም። ዛርና ጸበል ላይም ያው ነው፣ እዛ የሚንቀጠቀጠው ሰው የአንዱ እናት የአንዱ ወንድም ነው፣ ቪዲዮውን አይቶ መቅዳት ነውር ነው ባይ ነኝ።

ሁለተኛ፦ ሂዱና እዩ

ከፊልም ላይ ጭራቅ አትቅዱ፣ የሌላ ሰው ቅጂ ቅጂ ነው የምትሆኑት። በ1954 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የጃፓን ጎድዚላ ፊልም ላይ የጭራቁ ልብስ ውስጥ የነበረው ሃሩኦ ናካጂማ እንኳን የዝሆንና የድብ አካሄድ ለማየት እንስሳት ማቆያ ይመላለስ ነበር። ልብሱ ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል ይባላል፣ በዛ ክብደት ውስጥ ሆኖ የሚያስብበት የእንስሳ አካሄድ ባይኖረው ኖሮ መሃል ላይ የቀረ ላስቲክ ብቻ ነበር የሚሆነው።

እኛ ደሞ አራት ኪሎ በ2012 የተከፈተው አንድነት ፓርክ አለልን፣ ጥቁር ጎፈር አንበሶቹ እዛው ናቸው። ትኬት ቆርጣችሁ ስትገቡ ስልኩን መጀመሪያ ኪስ ውስጥ ክተቱት። ሁሉም ሰው የአንበሳውን ፊት ነው የሚያየው፣ እናንተ የትከሻውን አጥንት ተመልከቱ። የፊት እግሩ መሬት ሲነካና ክብደቱ ሲያርፍበት የዛኛው ወገን የትከሻ አጥንት ከጀርባው መስመር በላይ ብቅ ይላል፣ ሌላኛው ይሰምጣል፣ ጭንቅላቱ ግን ወደ ላይ ወደ ታች እምብዛም አይልም። ቤት ስትገቡ መስታወት ፊት የምትሞክሩት ይሄን ነው፣ አፍ መክፈቱን ተዉት።

ጅብ ላይ ዋናው ነገር የፊት እግሩ ከኋላው መርዘሙ ነው፣ ጀርባው ወደ ጭራው ያዘቀዝቃል። እስስት ካገኛችሁ ደግሞ ሀብት ነው፣ እግሯን ከማሳረፏ በፊት ወደ ፊት ወደ ኋላ ትወዛወዛለች፣ ሁለቱ ዓይኖቿ ለየብቻ ይዞራሉ። ጭላዳ ሳር ሲበላ ሳይነሳ ቂጡን እያንፏቀቀ ነው ቦታ የሚቀይረው፣ ሲያስፈራራ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ያሳያል፣ ደብረ ሊባኖስ አካባቢ ለጉዞ የሄደ ሰው ሁሉ አይቶታል። ወጪ አንችልም ካላችሁ አራዳ ጊዮርጊስ ግቢ ርግቦቹን ተመልከቱ። ርግብ ስትሄድ ጭንቅላቷን ወደ ፊት ትወረውርና ባለበት ታቆመዋለች፣ ሰውነቷ ኋላ ይደርስበታል። ይሄን በሰው ቁመት፣ በጣም አዝግማችሁ ሥሩትና ጓደኛችሁን አስደንግጡት።

አንድ ቦታ ልጨምር፣ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም። በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ፣ ድንቅነሽ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት፣ ቁመቷ 1.1 ሜትር አካባቢ፣ ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር፣ ክንዷ ግን ከእግሯ አንጻር ከኛ ይረዝማል። እሷን ጭራቅ አድርጉ ማለቴ አይደለም። ለግማሽ ሰው ገጸ ባሕሪ «እጁ ትንሽ ቢረዝም አካሄዱ ምን ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ ከዛ የተሻለ መልስ የምታዩበት ቦታ ከተማው ውስጥ የለም።

ሦስተኛ፦ ማሟሟቂያ

አጭር ነው ግን አትዝለሉት። የእጅ አንጓ፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ አንገት፣ በደንብ አዟዙሩ፣ የጉልበት መከላከያ ግዙ፣ ከሌለ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጣችሁ እሰሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ውጭ አገር ቪዲዮ ላይ «አሥር ደቂቃ በአራት እግር ሂዱ» ቢላችሁ እናንተ ሦስት ደቂቃ ብላችሁ ጀምሩ፣ በተለይ ማስክ ውስጥ ከሆናችሁ።

አራተኛ፦ ትንፋሽ

ሰው ጭራቅ መጫወትን ከፊት ይጀምራል፣ ጥሩ የሚሠሩት ከትንፋሽ ይጀምራሉ። መሬት ላይ በጀርባችሁ ተኙ፣ አንድ እጅ ሆድ ላይ፣ አንድ እጅ ደረት ላይ። መጀመሪያ የራሳችሁን ትንፋሽ እወቁት፣ የቱ እጅ ነው የሚነሳው? ከዛ ሆን ብላችሁ ቀይሩት፣ ሆድ ብቻ፣ ከዛ ደረት ብቻ፣ ከዛ ሁለቱን እጅ ጎን አጥንት ላይ አድርጋችሁ ወደ ጎን ብቻ እንዲከፈት ሞክሩ። ቀጥሎ በሆዳችሁ ተገልበጡና አየሩን ወደ ጀርባ ላኩት፣ ጓደኛችሁ መዳፉን ወገባችሁ ላይ ያድርግ፣ መዳፉ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። መጀመሪያ ላይ ምንም አይሆንም፣ በኋላ ይመጣል።

አሁን ሕጉን አስገቡበት። የኛ ጅብ ሦስት አጭር እያሸተተ ይስባል፣ አንድ ረጅም ያወጣል። ተኝታችሁ ጀምሩ፣ ከዛ ትንፋሹን ሳትለቁ ተቀመጡ፣ ከዛ ተንበርከኩ፣ ከዛ ቁሙ። ስትነሱ ትንፋሹ ወደ ራሳችሁ ከተመለሰ ተመልሳችሁ ተኙ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ሙሉ ሕንፃው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ከንፈራችሁን ወይ ጣታችሁን ከነዘራችሁ ወይ ካዞራችሁ ከመጠን በላይ እየተነፈሳችሁ ነው፣ አቁሙና እንደ ወትሮው ተንፍሱ፣ ጀግንነት የለውም።

ከዛ ጓደኛችሁን ክፍሉ ጥግ ላይ አቁሙትና «ትንፋሼ ይታይሃል?» በሉት። ካልታየው ድምፁን አትጨምሩ፣ የጎን አጥንታችሁን እንቅስቃሴ ጨምሩ። መድረክ ላይ መጨረሻ ወንበር ያለው ሰው ማየት ያለበት ያንን ነው።

ትልቁ መሣሪያ ደሞ ማቆሙ ነው። ገጸ ባሕሪው ገንዳው ጋ እያሸተተ፣ ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ተመልካቹ ምቱን ለምዶታል፣ ከዛ በሁለተኛው አጭር ላይ ቀጥ። የሆነ ነገር ሰምቷል ማለት ነው። ምንም ጩኸት አላወጣችሁም፣ አንገታችሁንም አላዞራችሁም፣ ግን አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አብሯችሁ ትንፋሹን ይይዛል። ብዙ ልጆች ይሄን ቦታ በሳውንድ ኢፌክት ይሞሉታል፣ እባካችሁ አትሙሉት።

አምስተኛ፦ ከሁለት እግር ወደ አራት

ቁሙና ክፍሉን በራሳችሁ አካሄድ አቋርጡ። ከዛ አፍንጫችሁ ላይ ክር ታስሮ ከፊት የሚጎትታችሁ ይመስል ሂዱ። ከዛ ክሩን ደረት ላይ፣ እምብርት ላይ፣ ጉልበት ላይ አድርጉት። በእያንዳንዱ ሌላ ሰው ነው የሚወጣው፣ አፍንጫው የሚቀድም ፈላጊ ነው፣ እምብርቱ የሚቀድም ጌታ ነው፣ ጉልበቱ የሚቀድም ሌባ ይመስላል። ከዚህ ቀጥሎ ተረከዛችሁን ከመሬት አንሱ። ጅብም አንበሳም በጣታቸው ነው የሚረግጡት፣ ለሰው ወደ ኋላ የታጠፈ ጉልበት የሚመስለው ነገር የእንስሳው ቁርጭምጭሚት ነው። ጉልበታችሁን በርከክ አድርጋችሁ በጣታችሁ ስትሄዱ ባታችሁ ይቃጠላል፣ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ።

አራት እግር ላይ ያለው ችግር ግልጽ ነው፣ እግራችን ከእጃችን ይረዝማል፣ ስለዚህ ዝም ብላችሁ ብታጎነብሱ ቂጣችሁ ሰማይ ይነካና አባት ልጁን አዝሎ ፈረስ ሲጫወት ይመስላል። ለዚህ ነው ጦጣና ጎሪላ የሚጫወቱ የሆሊዉድ ተዋናዮች፣ እነ ቴሪ ኖተሪ፣ እጅ ላይ ማስረዘሚያ የሚይዙት። እኛ ጋ ክርን ላይ የሚያዝ አሮጌ ክራንች ይበቃል፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ዞር ዞር ካላችሁ የማይገኝ ነገር የለም። ቁመቱን ስትቆርጡ ገጸ ባሕሪው ላይ ተመሥርታችሁ ነው፣ ለአንበሳ ትከሻና ዳሌ እኩል እንዲሆን፣ ለጅብ ትከሻው ከዳሌው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ እንዲል። ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ካለቀ ቀይሩት፣ የወጣት ማዕከል ወለል ብዙ ጊዜ ሊሾ ነው፣ ከተንሸራተተ በአገጭ ነው የሚወደቀው።

አካሄዱ ቅደም ተከተል አለው። አብዛኛው ባለ አራት እግር በዝግታ ሲሄድ የኋላ ግራ፣ የፊት ግራ፣ የኋላ ቀኝ፣ የፊት ቀኝ ነው። ጮክ ብላችሁ እየቆጠራችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ ጭንቅላታችሁ ይዞርባችኋል ምክንያቱም ሰው ሲድህ ግራ እጅና ቀኝ እግርን ማጣመር ነው የሚቀናው። ቅደም ተከተሉ አንዴ ከገባችሁ ግን ወገባችሁ በራሱ ጊዜ መጠማዘዝ ይጀምራል፣ ያቺ መጠማዘዝ ነች አውሬ የምታስመስለው። ከዛ የታመመውን ግራ ዳሌ ጨምሩበት፣ የኋላ ግራው ላይ ሲደርስ ክብደቱ ሳያርፍ ቶሎ ይለቃል፣ አንገቱ ያን ጊዜ ትንሽ ወደ ታች ይወርዳል። ማነከስን አትጫወቱ፣ ላለማነከስ የሚሞክረውን ተጫወቱ።

ስድስተኛ፦ ትከሻና አንገት፣ እስክስታ ያለባችሁ ሰዎች ዕድለኛ ናችሁ

ውጭ አገር የትወና ትምህርት ቤት አንድ ሰው ትከሻውን ከደረቱ ለይቶ እንዲያንቀሳቅስ ለማስተማር ብዙ ይደክማሉ። እኛ ግን ሠርግ ላይ ያደገ ልጅ ሁሉ ይሄን ያውቀዋል። ችግሩ ምንድነው፣ እስክስታ ሆኖ ከወጣ ተመልካቹ ወዲያው ያውቀዋል፣ ያጨበጭባል። አንድ ሪሃርሳል ላይ ጅቡን የሚጫወተው ልጅ ክራንቹን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በጣም አምርሮ ትከሻውን እየሠራ ሳለ ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አንጋፋ ተዋናይ ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና «አንተ ልጅ፣ ወገብህ ቀበና ነው፣ ትከሻህ ግን ገና ሠርግ ቤት ነው ያለው» አሉት። ልጁም እየሳቀ «ጋሼ ታዲያ ምን ላድርገው?» አለ። «ከበሮውን አውጣበት» አሉት።

ከበሮውን ማውጣት ማለት እንዲህ ነው። እስክስታ የሚጣፍጠው ምቱ እኩል ስለሆነ ነው፣ ስለዚህ ትከሻውን ከምት አላቁትና ከትንፋሽ ጋር እሰሩት፣ በሳባችሁ ቁጥር ቀኝ ትከሻ አንዴ ይነሳል፣ ስታወጡ ይወርዳል፣ ትንፋሹ ስለሚዛባ ትከሻውም ይዛባል። ሁለተኛ አንዱን ወገን ብቻ ሥሩ። ሦስተኛ መነሻውን ከትከሻ ጫፍ አውጥታችሁ ጀርባ ላይ ካለው ጠፍጣፋ አጥንት አድርጉት፣ ያ አንበሳው ላይ ያያችሁት ነገር ነው። አራተኛ ፊታችሁን አጥፉት፣ እስክስታ ሲባል ፈገግ ማለት ስለለመድን ሳናውቀው ጉንጫችን ይነሳል። ፍጥነቱን ደሞ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ድንገት አንድ ጊዜ ብቻ በሙሉ ፍጥነት ልቀቁት። ያቺ አንዲት ንዝረት ቆዳው ሥር ሌላ ነገር ያለ ታስመስላለች። ሁለቴ ከደገማችሁት ግን ከበሮው ተመለሰ ማለት ነው።

ሰባተኛ፦ ማስክ

ማስክ ወይ ጭምብል በቀላሉ ለመሥራት ፊኛ ነፍታችሁ የጋዜጣ ቁራጭ በስንዴ ዱቄት ሙጫ ደራርቡበት፣ ይድረቅ፣ ከዛ ጉንጭና ቅንድቡን በፍራሽ ስፖንጅ አብዙት። ስፖንጁን በማስቲሽ የምትለጥፉ ከሆነ አየር ያለበት ቦታ ሥሩትና ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ቀናት ይቆይ፣ አፍንጫችሁ የሚቀመጠው እኮ እዛው ውስጥ ነው። ትንፋሽ ማውጫ ቀዳዳ ከምታስቡት በላይ ሰፊ ይሁን። የቤት ቀለም ቆዳ ላይ አይቀባም፣ ማንም ቢላችሁ።

ማስክ አጠቃቀም ላይ አንድ ዋና ነገር ያዙ፣ ዓይናችሁ አይታይም፣ ስለዚህ አፍንጫችሁ ነው ዓይናችሁ። ወደሆነ ነገር ለማየት ሙሉ ጭንቅላታችሁ መዞር አለበት፣ አፍንጫው ወደ ነገሩ ሲያነጣጥር ነው ተመልካቹ «አየው» የሚለው። መጀመሪያ አፍንጫ ይዙር፣ ይቁም፣ ከዛ ደረት ይከተል፣ ከዛ እግር። ሦስቱ አንድ ላይ ከዞሩ ሰው ነው። ማስኩን መድረክ ላይ በእጃችሁ አትንኩ፣ አንዴ ካስተካከላችሁት ካርቶን መሆኑ ይታወቃል። የእይታው ነገር ደሞ ከባድ ነው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው «የፓን ላቢሪንት» ላይ ዓይኑ መዳፉ ላይ የሆነውን ጭራቅ የተጫወተው ዳግ ጆንስ ከማስኩ ውጭ የሚያየው በአፍንጫው ቀዳዳ ነበር። ስለዚህ ቦታውን ያለ ማስክ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጭምር፣ ስንት እርምጃ እንደሆነ እስክታውቁ ተለማመዱት።

ስምንተኛ፦ ድምፅ

በጉሮሮ አትጩሁ። ጉሮሯችሁን ጨምቃችሁ የምታወጡት ድምፅ ለአንድ ቴክ ያምራል፣ ማታ ላይ ድምፅ የላችሁም። እንደምታዛጉ ጉሮሮውን ክፈቱት፣ ከታች ከደረት ቀጭን እንጉርጉሮ ጀምሩ፣ ከዛ አየሩን ጨምሩ። ወደ ውስጥ እየሳባችሁ ድምፅ ማውጣትም ይቻላል፣ ያልተለመደ ስለሆነ ትንሹ ይበቃል። ካመማችሁ ወይ ካሳከካችሁ በቃ ማለት ነው። እንስሳ እዚህም ይረዳል፣ አንዲ ሰርኪስ «የቀለበቶቹ ጌታ» ፊልም ላይ ጎለም የሚባለውን ፍጥረት ድምፅ ያገኘው ድመት ጸጉር ተናንቋት ስታስል አይቶ ነው። የጅብ ጩኸት ደሞ ዝቅ ብሎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ይወጣል፣ ብዙ ሰው ግን ከላይ ጀምሮ ተኩላ ያደርገዋል። ፊልም ከሆነ ቀረጻ ላይ ትንፋሹን ብቻ ሥሩና ጩኸቱን በኋላ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ቅዱት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሌሊት ከተለማመዳችሁ መጀመሪያ የሚመጣው ጥበቃው ነው፣ ቀጥሎ ጸበል ይዘው እትዬ እከሌ።

ዘጠነኛ፦ ካሜራ ወይስ መድረክ

ለካሜራ ከሆነ ስልካችሁን በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ላይ አድርጋችሁ ቅረጹና በ30 አጫውቱት፣ ሰውነታችሁ በአንዴ ከባድ ይሆናል። ጎድዚላም የተቀረጸው በፈጣን ፍሬም ነበር፣ ሲጫወት ግዙፍ እንዲመስል። ነገር ግን ራሳችሁም አዝግማችሁ ከሄዳችሁ ሲጫወት የተኛ ይሆናል፣ ስለዚህ ሲቀረጽ ትንሽ ፈጠን በሉ። አንዱን ሲን በሁለቱም ቀርጻችሁ አወዳድሩ።

ለመድረክ ከሆነ ይሄ ብልሃት የለም፣ ክብደቱን ራሳችሁ ነው የምትሠሩት፣ እግር ሲያርፍ ጉልበት ትንሽ ይቀበለዋል፣ ከዛ አንገት፣ ከዛ ጭንቅላት፣ እየዘገየ ይደርሳል። ብሔራዊ ቲያትርን የሚያህል አዳራሽ ላይ ከኋላ ያለው ሰው ጣታችሁን አያይም፣ አከርካሪያችሁን ያያል። ሙሉ ሰውነታችሁን ቶሎ አታሳዩ፣ መጀመሪያ ትንፋሹ ይሰማ፣ ከዛ የትከሻው አጥንት ብቻ ከገንዳው ጀርባ ብቅ ይበል። ዳይሬክተሮች ኮስቲዩሙ ብዙ ብር ስለወጣበት ቶሎ ይታይ ይላሉ። አትስሟቸው፣ ወይም ቢያንስ ተከራከሩ።

አሥረኛ፦ ከማን ጋር፣ የት፣ እንዴት መውጣት

ማስክ የለበሰ ሰው ብቻውን አይሠራም። አንድ ሰው ሥራው እናንተን ማየት ብቻ ይሁን፣ ውሃ በስትሮ ይስጣችሁ፣ መንገድ ያሳያችሁ። ምልክት ተስማሙ፣ ለምሳሌ ሁለት እጅ ጭንቅላት ላይ ከሆነ ወዲያው ማስኩ ይወልቃል፣ ዳይሬክተሩ «አንዴ ብቻ» ቢልም። ማረፊያም ቀድማችሁ አስቡ። በ1979 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው «ኤሊየን» ፊልም ላይ ጭራቁን ልብስ ውስጥ ሆኖ የተጫወተው ናይጄሪያዊው ቦላጂ ባዴጆ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ ገደማ የሆነ፣ በጭራው ምክንያት ወንበር ላይ መቀመጥ ስለማይችል ማረፊያ ዥዋዥዌ ተሠርቶለት ነበር። እናንተም ለብሳችሁ መቀመጥ ካልቻላችሁ ቢያንስ የምትደገፉበት ጠረጴዛ ይኑር።

ለብሳችሁ ፒያሳ ወይ መስቀል አደባባይ ወጥታችሁ ሰው ማስደንገጥ የሚባለውን ነገር ተዉት። ልብ ሕመም ያለበት አለ፣ ነፍሰ ጡር አለች፣ ደንግጦ መኪና ውስጥ የሚገባ ልጅ አለ፣ እናንተም ብትሆኑ ድንጋይ ሊያገኛችሁ ይችላል። ውጭ መቅረጽ ካለባችሁ ፈቃድ አውጡ፣ የሰፈሩን ሰው ንገሩ፣ ልጆቹን ጠርታችሁ ማስኩን አስነኳቸው፣ ከዛ በኋላ ጠባቂያችሁ እነሱ ናቸው።

ሲያልቅ ወዲያው ወደ ስልክ አትሩጡ። በጀርባችሁ ተኙ፣ እጅ ሆድ ላይ፣ የራሳችሁ ትንፋሽ እስኪመለስ ጠብቁ፣ አንጓችሁንና ባታችሁን ሳቡት፣ ስማችሁን በራሳችሁ ድምፅ ጥሩ፣ የሚያስቅ ይመስላል ግን ጉሮሮውም ትከሻውም ይፈታል። ዳሌ ወይ አንጓ ላይ ያለ ሕመም በነጋታውም ካለ ቀጣዩ ሪሃርሳል በሁለት እግር ነው።

ማስኩን ውስጡን በአልኮል ርጩትና በጋዜጣ ሞልታችሁ ጥላ ላይ አስቀምጡት፣ ፀሐይ ላይ ከሰቀላችሁት ስፖንጁ ይሰነጣጠቃል። ካልደረቀ ደሞ በላስቲክ አትጠቅልሉት፣ ይሻግታል።